“አባቴ እንዲህ ይላል”

ስለ አስተርጓሚ ልጆች የሚጻፉ ታሪኮች አንድ ዓይነት መልክ እየያዙ መጥተዋል። ቢሮው ሰፊ ነው፤ ልጁ ትንሽ ነው። እናትየው ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ይጠይቃል፤ ልጁ ይመልሳል። ልጁ ይጨነቃል፣ ያልበዋል፣ ግን ይወጣዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ ነርስ ወይም ጠበቃ ሆኖ እናገኘዋለን፤ “ለወላጆቼ ድልድይ ነበርኩ” ብሎ ታሪኩን ይዘጋል። በውጭ አገር ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን መልክ ይወዱታል። በእኛም አካባቢ በወጣቶች የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ከሚነበቡት ግለ ታሪኮች ጥቂት የማይባሉት በዚሁ ልክ የተሰፉ ናቸው።

ጽሑፎቹን አልንቃቸውም፤ ብዙዎቹ ከእውነተኛ ሕይወት የተቀዱ ናቸው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ አንብባችሁ ስትጨርሱ እናትየው ምን እንዳለች ለማስታወስ ሞክሩ። ልጁ የተሰማውን ሁሉ እናውቃለን፤ እናትየው የተናገረችው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን የለም። ልጁ ቢሮው ውስጥ በእሷ ቦታ ተናገረ፤ አድጎ ብዕር ሲያነሣ ደግሞ እንደገና በእሷ ቦታ ተናገረ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እጄ ሲገባ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ወላጁ በታሪኩ ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው ይናገራል ወይ?

በዚህ ጥያቄ ጥቂት ሥራዎችን አብረን እናንብብ። አስቀድሜ ግን ጥያቄው ለእኛ የሚቀርብበትን ቦታ ላሳይ።

የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚና የተተረጎመ ቅጽ ከሚያቀርቡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ አማርኛ የእናት ቋንቋ ነው፤ የሚያፍረው፣ ልጁን ይዞ የሚሄደው፣ ወረፋ የሚጠብቀው አማርኛ ነው። ሚዛን አማን ስንደርስ ግን ያው አማርኛ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ፋይሉ፣ ማኅተሙ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያው በእሱ ነው። በቤት ውስጥ ቤንችኛ፣ ሸኮ፣ ካፊኖኖ፣ ሸካቾ፣ መኤኒት ወይም መዠንግር እየሰማ ያደገ ልጅ አማርኛን ከትምህርት ቤት ያመጣዋል፤ ያመጣበት ቀን ጀምሮ ለቤተሰቡ ይሠራበታል። በ1977 እና 78 ዓ.ም. በሰፈራ ከመጡት መካከል ደግሞ ከምባትኛና ሀዲይኛ የሚናገሩ ነበሩ፤ የእነሱም ልጆች ይህን ሥራ ያውቁታል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ አንባቢ የስደተኛ ቤተሰብ ልብ ወለድ ሲያነብ ራሱን በወላጁ ቦታ ያገኛል። የቤንች ወይም የሸኮ ወጣት ሲያነብ ግን ራሱን በልጁ ቦታ ያገኛል፤ በታሪኩ ውስጥ “እንግሊዝኛ” ሆኖ የሚቆመው ደግሞ ይህ መጽሔት የሚታተምበት ቋንቋ ነው። ይህን እያወቅን ብናነብ ይሻላል።

አንድ ነገር ላርም። ወላጆቻችን “አማርኛ አይችሉም” ሲባል እሰማለሁ። ብዙዎቹ የገበያ አማርኛ ይችላሉ። ስንት ነው፣ ጨምር፣ ቀንስ፣ ነገ ና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮረሪማና ማር ለመሸጥ ይበቃል። የማይበቃው ነገሩ ሲጠብቅ ነው፤ መሬት ሲካፈል፣ ሕመም ሲነገር፣ ውል ሲፈረም። ልጅ የሚጠራው ያን ጊዜ ነው፤ ማለትም ለልጅ በማይመጥነው ሰዓት ነው።

የቡና ሰብሳቢው ሚዛን ዘንድ እንቁም። አባትየው ቀይ እሸት ይዞ መጥቷል። ከቤት ሲወጣ የሚናገረውን አዘጋጅቷል፤ ሰላምታ አለው፣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ የሚለው አለው፣ ባለፈው ዓመት የተገባለትን ቃል ሳይዘልፍ የሚያስታውስበት ዘዴ አለው። ይህ የሽማግሌ ንግግር ነው፤ በራሱ ቋንቋ ቢሰማ ያስከብራል። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ “‘ጨምር’ ይላል” ይላል። ሰብሳቢው በበኩሉ አንድ የስድብ ቃል ጣል አድርጎ ይመልሳል። ልጁ ወደ አባቱ ዞሮ “‘አይሆንም’ አለ” ይላል። ከአባትየው ክብሩ ቀረ፤ ከሰብሳቢው ብልግናው ቀረ። ለሰላም ሲባል ሁለቱም ጥሩ ነው ይባል ይሆናል፤ ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሰዎች እርስ በርስ አልተገናኙም። አባትየው የተሰደበ መሆኑን አያውቅም፤ ሰብሳቢው ከአስተዋይ ሰው ጋር እየተነጋገረ መሆኑን አያውቅም።

ከዚህ የከበደው ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከየቀበሌው የሚመለመሉ ስለሆኑ የእናቶችን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ችግሩ ከእነሱ አልፎ ሪፈር ሲጻፍ ነው። ከሩቅ የተመደበው ሐኪም “የወር አበባ መቼ ነው ያየሽው?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አፍ ማለፍ አለበት። እናትየው ልጇን ታየዋለች፤ ከዚያም “ራሴን ያመኛል በለው” ትላለች። መድኃኒቱ ለራስ ምታት ይታዘዛል። እዚህ ላይ ልጁ ምንም አላጣመመም፤ የተባለውን በታማኝነት ነው የተናገረው። ንግግሩን የቀየረው እዚያ መቆሙ ብቻ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጤና ደንብ ለሰው ደኅንነት አስጊ ከሆነ ድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሐኪም ቤቶች ልጅን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ የከለከለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ቃሏ እንመለስ፤ “ይላል”። ልጁ አባቱን ሦስተኛ ሰው አድርጎታል። አባትየው እዚያው ቆሟል፣ ይተነፍሳል፣ ይሰማል፤ ንግግሩ ግን ስለ ሌለ ሰው እንደሚወራ “እሱ” ሆኗል። ጸሐፊው ደግሞ ልጁን ብቻ እያየ “ዕድሜው ስንት ነው በለው” ይላል። በቤት “አንቱ” የሚባል ሰው በሩን አልፎ ሲገባ “እሱ” ይሆናል። አማርኛ አክብሮትን በግሥ ላይ የሚያሳይ ቋንቋ ስለሆነ ይህ ውርደት በጆሮ ይሰማል።

ይህንኑ ልጅ እሑድ ደግሞ እንየው። ከከተማ የመጣ ሰባኪ በአማርኛ ይሰብካል፤ ልጁ ማይክሮፎን ይዞ አጠገቡ ቆሞ ወደ ቤንችኛ ያስተረጉማል። ሰባኪው “እኔ ከጌታ የራቅሁ ሰው ነበርኩ” ሲል ልጁ በእናቶቹ ቋንቋ “እኔ ከጌታ የራቅሁ ሰው ነበርኩ” ይላል። “‘የራቅሁ ነበርኩ’ ይላል” አይልም። ሰባኪው እጁን ሲያነሣ እጁን ያነሣል፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ዝቅ ያደርጋል። ሰባኪውን “እኔ” እያለ ሙሉ ሰው አድርጎ ያሻግረዋል። ያ ችሎታ አለው ማለት ነው። ሰኞ ከአባቱ ጋር ቀበሌ ሲሄድ ግን “እኔ” የሚለው ቃል ይጠፋበታል። ለምን? ለሰባኪው የሰጠነውን “እኔ” ለአባታችን ለምን ከለከልነው? እኔ የማየው ምክንያት ልጁ ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም፤ ጉባኤው ሰባኪውን ሊሰማ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ቢሮው ግን አባትየውን ሊሰማ አልተዘጋጀም።

ልብ ወለዱ እዚህ ላይ ይግባ። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ አሜሪካ የሄደ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሁለተኛ ልብ ወለዱ፣ ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው “አየርን እንዴት ማንበብ ይቻላል” እንደማለት ነው። ተራኪው ዮናስ ይባላል፤ ዮሴፍና ማርያም ከሚባሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የተወለደ ነው። ወላጆቹ ከሚኖሩባት ፒዮሪያ ተነሥተው ወደ ናሽቪል በመኪና ያደረጉትን ጉዞ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ራሱ እየተጓዘ፣ እንዴት ነበር እያለ ይተርከዋል።

ዮናስ በኒው ዮርክ ውስጥ ስደተኞችን በሚረዳ ቢሮ ይሠራል። ሥራው ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎች የጻፉትን የሕይወት ታሪክ ማንበብና ማስተካከል ነው። ሰውየው በተሰባበረ ቋንቋ ግማሽ ገጽ ጽፎ ያመጣል፤ ዮናስ ይጨምርበታል። ያልነበረ ወታደር፣ ያልነደደ ቤት፣ ያልፈሰሰ እንባ ያስገባል፤ ሰሚው የሚፈልገው ይህን መሆኑን ያውቃልና። በኋላ መምህር ሲሆን ደግሞ አባቱ በሱዳን በኩል እንዴት እንደተሰደደ ለተማሪዎቹ ቀናት የፈጀ ታሪክ ይነግራቸዋል። አብዛኛውን የፈጠረው ራሱ ነው። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይሰማሉ።

በእኛ ሚዛን ሲመዘን ይህ መጽሐፍ ሁለት ነገር ነው። በአንድ በኩል ከማውቃቸው የአስተርጓሚ ልጆች ታሪኮች ሁሉ ታማኙ ነው፤ ምክንያቱም አስተርጓሚው ሥልጣን ያለው መሆኑን አልደበቀም። “ድልድይ ነበርኩ” የሚለው ልጅ ሰው ያለፈበት ግዑዝ ነገር ነበርኩ እያለን ነው፤ ድልድይ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። ዮናስ ግን እየጨመረ የሚኖር ሰው ነው፤ ደራሲው ያን ጭማሪ ከነጣፋጭነቱ አሳይቶናል። ልጅ ሲያስተረጉም የሚያገኛት ትንሽ ኃይል አለች፤ ትልልቆቹ ሁለቱም እሱን ይጠብቃሉ። የክፍል ውጤቱን ራሱ ለአባቱ የሚያስተረጉም ተማሪ ይህችን ኃይል በደንብ ያውቃታል (በወላጅ ስብሰባ ቀን “አስተማሪው ጎበዝ ነህ አለኝ” የሚለውን ትርጉም የሰሙ አባቶች ቁጥር ቀላል አይመስለኝም)።

በሌላ በኩል መጽሐፉ የእኔን ጥያቄ አያልፍም። አባትየው ዮሴፍ ጨካኝም ነው፣ የተሰበረም ነው፤ ሚስቱን ይመታል፣ በሌሊት የሚያሳድደው ነገር አለ። ግን ይህን ሁሉ የምንሰማው በልጁ ምናብ ነው። ዮሴፍ ራሱ በገዛ አፉ፣ በገዛ ቋንቋው፣ “እኔ” ብሎ ስደቱን ቢናገር ምን ይል ነበር? መጽሐፉ የሚሠራው ይህ እንዳይሆን ነው። የአባት ዝምታ ለልጁ ባዶ ወረቀት ሆኖለታል፤ በላዩ ላይ እጅግ ያማረ ነገር ጽፎበታል። ደራሲው ይህን ዐውቆ ነው ያደረገው፤ ሕመሙም እዚያው ነው። ሆኖም በእኛ ዘንድ ይህን መጽሐፍ እንደ አርአያ ይዞ የሚነሣ ወጣት ጸሐፊ ቢኖር የምለው አለኝ። የዮናስ አባት ሞቷል፤ የአንተ አባት በሕይወት አለ፣ ቤት ነው ያለው፣ ሊጠየቅ ይችላል።

የሜሮን ሀደሮ “ሻንጣው” የተባለ አጭር ልብ ወለድ የዚህን መንገድ መጨረሻ ያሳያል። ሜሮን እ.ኤ.አ. በ2021 የኬን ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ሽልማቱን ያገኘችው ግን በሌላ ታሪኳ ነው። በ“ሻንጣው” ሳባ የምትባል አሜሪካ ያደገች ወጣት ዘመዶቿን ልትጠይቅ አዲስ አበባ መጥታለች። ልትመለስ ስትል ዘመድ አዝማዱ ለውጭ ዘመዶች የሚላከውን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ አጭቆ፣ ሚዛኑ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ፣ የማን ስጦታ ይውጣ በሚል ክርክር ይነሣል። ልጅቱ በመጨረሻ የራሷን ዕቃ አውጥታ ትታላቸው ትሄዳለች። እዚህ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፤ እንዲያውም አያቆሙም። እያንዳንዱ ስለ ስጦታው የሚከራከረው እንደ ጠበቃ ነው። ታሪኩ አጭርና ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን በዚህ ረገድ ከረጅሙ ልብ ወለድ ይበልጣል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ትልቅ ሆነው ይገኛሉ። ቋንቋው ከልጅቱ ሲሸሽ ዕቃው ይናገርላቸዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጥቀስ፤ የዲናው አባት ገጸ ባሕርይ ዮሴፍ መባሉ ያስደንቀኛል። በታሪካችን ከሁሉ የታወቀው የአስተርጓሚ ጣጣ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ ከግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ስም ጋር የተያያዘ ነው። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲነጋገሩ በኢጣልያ መገልገል “ይቻላቸዋል” ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ጉዳዩ ዐድዋ ላይ ደረሰ። ሦስተኛው ዮሴፍ ግን ከሁለቱም ይቀድማል፣ ለእኛም የቀረበ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 42 የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ግብፅ ይወርዳሉ። ከፊታቸው የተቀመጠው ሹም የሸጡት ወንድማቸው መሆኑን አያውቁም። በመካከላቸው አስተርጓሚ አለ፤ ስሙ አልተጻፈም። ወንድሞቹ ሹሙ ቋንቋቸውን አይሰማም ብለው፣ እዚያው ፊቱ፣ በዮሴፍ ላይ ስላደረጉት ነገር እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ዮሴፍ ዘወር ብሎ ያለቅሳል። ይህን ክፍል ስንሰብከው ብዙ ጊዜ ስለ ይቅርታ ነው፤ ስለ አስተርጓሚው የሰበከ ሰው አላጋጠመኝም። ልብ በሉ፤ ወንድሞቹ ለአስተርጓሚው የነገሩት ንግግር የተዘጋጀ ነው፤ ንጹሐን ነን፣ የአንድ ሰው ልጆች ነን፣ ሰላዮች አይደለንም። ለቢሮ የሚቀርብ ንግግር ነው። እውነቱ የተነገረው ለትርጉም ባልቀረበው ንግግር ውስጥ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ልቡ የተነካው ባልተተረጎመለት ቃል ነው።

ከዚያም ምዕራፍ 45 ላይ ዮሴፍ ሰውን ሁሉ ከፊቱ ያስወጣል። አስተርጓሚውም አብሮ ወጥቷል ማለት ነው። ሲገልጥላቸውም የሚናገራቸው የራሱ አፍ መሆኑን ዓይናቸው እንደሚያይ ይነግራቸዋል። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ቀለበቱን ወይም መልኩን አይደለም፤ በቋንቋቸው የሚናገረውን አፉን ነው። የታሪኩ ጫፍ አስተርጓሚ የማያስፈልግበት ክፍል ነው። የዘፍጥረት ተራኪ በእኔ ጥያቄ ሲመዘን አያፍርም፤ ይሁዳ ምዕራፍ 44 ላይ ስለ ሽማግሌ አባቱ የሚናገረው ረጅም ልመና ሳይቆራረጥ ተጽፎልናል። “‘ልቀቀው’ ይላል” ተብሎ አልታለፈም።

አሁን ወደ ቡና አገራችን ልመለስ፤ ከቴፒ በማሻና በጎሬ በኩል ወደ መቱ የሚወስደውን መንገድ ይዘን። ከመቱ አቅራቢያ ሁሩሙ በምትባል ስፍራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ሂካ አሉት። ስሙ በኦሮምኛ አስተርጓሚ፣ ፈቺ ማለት ነው፤ አማርኛም ሕልም ፈቺ ሲል መፍታትንና መተርጎምን አንድ እንደሚያደርገው ነው። ሂካ ገና ልጅ ሳለ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ተሰጠ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ የምናውቀው እሱን ነው። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ።

የአብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ድል ይተርኩታል፤ ድልም ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን መካከል ላይ ያለው ችግር ነው። አስተርጓሚ ተብሎ የተሰየመው ሰው የእናቱን ቋንቋ በቂ አላወቀውም። ከቤት የተወሰደው በልጅነቱ ነው፤ ያለው ኦሮምኛ የልጅ ኦሮምኛ ነበር። ፈሊጡ፣ ተረቱ፣ አዋቂ የሚናገርበት ቃል ጎደለው። በዚህ ጊዜ አስቴር ጋኖ መጣች። እሷም በሊሙ እናርያ ለባርነት ተዳርጋ፣ ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል እ.ኤ.አ. በ1886 ከመርከብ ላይ ነፃ የወጣች ወጣት ናት። ቋንቋው አፏ ላይ ሙሉ ነበር። 500 የሚሆኑ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወጣች፤ ከእነዚህ የተወሰኑት በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱሱን ትርጉም ሕያው ያደረገው የእሷ ቃል ነው፤ በርዕስ ገጹ ላይ ግን የሚነበበው የኦኔሲሞስ ስም ነው።

አስቴር የሠራችው ከሌሎቹ አስተርጓሚዎች ሁሉ ይለያል። ወደ መጽሐፉ ቋንቋ ለመድረስ በመጀመሪያ ሰዎቿ ያሉትን አዳመጠች፤ እንቆቅልሹን ሳይቀር ጻፈች። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አንዲት የወለጋ እናት ልጇን ሳትጠራ የምትሰማው፣ ፊደል ከቆጠረችም የምታነበው ነገር ሆነ። የእኛ ወጣቶች ሥራ ገና እዚህ አልደረሰም። ቤንችኛን የሚያህል ቋንቋ አለን፤ ቬደኪንድ የተባለው የቋንቋ ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ስድስት የድምፅ ከፍታዎች እንዳሉት አሳይቷል፤ እንዲህ ያለ ቋንቋ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ከፍታው ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። በአማርኛ የተደረሰ መዝሙር ቃሉ ተተርጉሞ ዜማው እንዳለ ሲዘመር፣ ዜማው ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ቃሉ ወደ ታች መውረድ ቢኖርበትስ? ኳየሮቻችን ይህን ይለማመዱታል፤ እናቶች ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፣ አንዳንዴ ፈገግታው የደስታ አይመስለኝም። ስለ አስተርጓሚ ልጅ ጭንቀት ከተጻፉት ታሪኮች ይልቅ ስለዚህ ፈገግታ የተጻፈ አንድ ገጽ ባነብ እመርጣለሁ።

“ይህ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ አስተርጓሚ መቅጠር የመንግሥት ሥራ ነው” የሚል ይኖራል። ልክ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህን መብት የአሥር ዓመት ልጅ በነፃ ሲሸፍነው መብቱ ያለ ይመስላል። ታሪኮቻችን ልጁን ጀግና ባደረጉት ቁጥር የጎደለውን ወንበር ማንም አያየውም። ጀግና ባለበት ቤት ሠራተኛ አይቀጠርም።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት የምትጽፉ ወጣቶች፣ የእናታችሁን ንግግር በእናታችሁ ርዝመት ጻፉት። የቡናው ሚዛን ዘንድ አባታችሁ ያሉትን ሁሉ፣ ዝናቡንም፣ መንገዱንም፣ የዘመድ ሰላምታውንም አስገቡ፤ ሰብሳቢው ያልሰማውን አንባቢ ይስማው። በአማርኛ የማይገባ ቃል ካለ በቤንችኛ ወይም በሸኮ ይቀመጥ፤ እኛ አንባቢዎች እናታችሁ ቢሮ ውስጥ የታገሠችውን ያህል እንታገሣለን።

ሌላም ያልተጻፈ ትዕይንት አለ፤ አስተርጓሚ ሆኖ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊው ጠይቆ እየጠበቀ ነው፤ እናትየው ለልጇ በራሷ ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ትነግረዋለች። ጸሐፊው “ምን አለች?” ይላል። ከነገረችው ውስጥ የመጀመሪያው ለጸሐፊው ነው። ቀሪው የሚጀምረው “ይህን ለእሱ አትንገረው” ብላ ነው።